ጠርሙሱን ማን አዘጋጀው

ጀሞ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ጌቱ፣

እንዴት ከረሙ? መንገዱስ ደኅና ነበር? ይህን የምጠይቅዎ ከሄዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መሆኑ ያሳፍረኛል። መናኸሪያ መጥቼ እሸኝዎታለሁ ብዬ ቀረሁ። ታክሲ አጣሁ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ታክሲ ግን ነበር። ሰልፉን ይዤ፣ ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ለነበሩት ሴትዮ ለቀቅኩላቸውና ወደ ቤት ተመለስኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሁለት ጊዜ ደውዬልዎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «እሺ፣ እሺ፣ ደኅና ነኝ» ብለው ዘጉት። «ተቀይመውኛል ወይ?» ስልዎ «አመሰግናለሁ» አሉኝ። መልእክት እንዳልልክ ያቺ ስልክዎ አማርኛ ሲገባላት ሳጥን ሳጥኑን ብቻ ነው የምታሳየው። ስለዚህ ለጽዳቷ ለእትዬ ቡዜ ትተውት በሄዱት ወረቀት ላይ ያለውን የጨንቻ አድራሻ ይዤ ይኸው እጽፋለሁ።

በወረቀቱ ላይ ለጠየቁኝ፦ የኬሚካል መደርደሪያው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። የውኃ ማጣሪያውንም እንዳሳዩኝ በየሁለት ቀኑ አጸዳዋለሁ። ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

በእርስዎ የቴክኒሻንነት ቦታ እስካሁን ሰው አልተቀጠረም። የመጀመሪያ ዓመቶቹን ቤተ ሙከራ እኔ ተማሪ ረዳቷ ብቻዬን ይዣለሁ። መምህራቸው ዶክተር ሃምዛ በሩ ላይ ብቅ ይሉና «ሁሉ ደኅና?» ብለው ይሄዳሉ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሉኛል፤ በሦስት ዓመት ነው የምበልጣቸው። ሲጠሩኝ እስካሁን ወደ ኋላዬ ዞር እላለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ደግሞ ከመምህራኑ ወገን ቆጥረውኛል፣ መምህራኑ ከተማሪው። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ምሳዬን ሚዛን ክፍል ተቀምጬ እበላለሁ። እንደማይፈቀድ አውቃለሁ።

ቤትም ያው ነው። ወንድሜ ኢፋ ለሥራ እንደወጣ ወሩ አለፈ። ውኃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኑን ሞልቼ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠራኝ የለም።

የስንብትዎ ማስታወቂያ አሁንም ሰሌዳው ላይ አለ። በዚያ በኩል ላለማለፍ በጓሮ በር ነው የምገባው።

አክባሪዎ፣
ቢፍቱ ቦንሳ


ጨንቻ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢፍቱ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጤና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ብርዱ ግን ጠንቷል። ጉሙ እስከ ረፋድ ስለማይነሣ ጠዋት ጠዋት ከአጥራችን ወዲያ ያለው ቀርከሃ እንኳ አይታየኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ኖሬ አካሌ የሀገሩን ብርድ ረስቶታል።

አልተቀየምኩሽም። የስልኩ ነገር መስመሩ መጥፎ ሆኖ ነው፤ ከዚህ በኋላም አትደውዪ፣ ጻፊ። መናኸሪያ ባለመምጣትሽም አልከፋኝም። አውቶቡሱ ቶሎ ነው የወጣው።

የማልደብቅሽ ነገር፣ ለታላቅ እህቴ የዓመት ፈቃድ ወስጄ መጣሁ ብያታለሁ። መቼ እንደሚያልቅ አልጠየቀችኝም። ጥጧን እየፈተለች ትቀመጣለች፣ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ጎረቤቶቻችን ሸማኔዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ አያለሁ። እጄ ሥራ ለምዶ ስለኖረ እነሱን ሳይ ይበላኛል።

ሚዛን ክፍል ምግብ አትብዪ። ይህን ለአንቺም ደጋግሜ መናገር አለብኝ? ፍርፋሪው ይቅርና ትንፋሽሽ እንኳ ያንን ሚዛን ያዛባዋል። ውጪ ዛፉ ሥር ተቀመጪ። ብቻሽን ብትሆኚም ውጪ ይሻላል።

ሦስት ነገር ጠይቄሽ ነበር። ሁለቱን መልሰሽ አንዱን ዘለልሽው። የሙፊዳ ዓይን እንዴት ሆነ?

ጌቱ አምሐ


ጀሞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ጌቱ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አልነግርዎትም። የዘለልኩት ጽፌ ላስቀምጠው ስላልቻልኩ ነው።

የሙፊዳ ግራ ዓይን ድኗል። ቀኙ አልዳነም። ጓደኞቿ እንደሚሉት በሱ የምታየው እንፋሎት በያዘው መስታወት እንደማየት ነው። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል ብሏታል። እጇ ላይ ያለው ቁስል ጠግጓል። ኬሚስትሪን ግን ትታለች። ሌላ ትምህርት ክፍል ልትዛወር ማመልከቻ አስገብታለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ ሙከራው ደጃፍ አልደረሰችም።

አሁን ደግሞ የቀረውን ልናገር።

ያን ቀን ሦስት ምድብ ነበረብኝ። ዶክተር ሃምዛ ስብሰባ ነበራቸው፣ «አንቺ አስጀምሪያቸው» አሉኝ። ሁለቱን ቡናማ ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር፤ አንዱ ለልጆቹ በውኃ ያቀጠንኩት አሲድ፣ ሁለተኛው ካልተቀጠነው የተረፈው። መለያ ወረቀቶቹን ቀድሜ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬያቸው ነበር። ልጆቹ በር ላይ ሲንጫጩ ቸኮልኩና ለጠፍኳቸው። ከዚያ ጠቋሚ ቀለሙን ላመጣ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባሁ። ስመለስ እርስዎ ሙፊዳን ቧንቧው ሥር ይዘዋታል።

አቀያይሬ ነው የለጠፍኩት። ያንኑ ቀን ነው ያወቅኩት።

አደጋውን ያጣራው ኮሚቴ ፊት ሰብሳቢው «ጠርሙሱን ማን አዘጋጀው?» ሲሉ አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቴን ነው። እርስዎ ቀደሙኝና «እኔ ነኝ» አሉ። ደነገጥኩ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «ቢፍቱ፣ የምትጨምሪው አለ?» አሉ።

«የለም» አልኩ።

ይህችን አንዲት ቃል ነው ተሸክሜ የምዞረው። ለምን እንዲያ አሉ ጋሽ ጌቱ? ለእኔ አዝነው ነው? እኔ እኮ አዝነው እንኳ ቢሆን አይገባኝም ብዬ መናገር እችል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ሃምዛ ቢሯቸው ጠሩኝ። «ከምድብሽ አንደኛ ነሽ፤ ስትመረቂ በረዳት ምሩቅነት እናስቀርሻለን። ፋይልሽ ንጹሕ ነው» አሉኝ። ንጹሕ የምትለዋን ሁለት ጊዜ ነው ያሏት። አመስግኜ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ቢፍቱ


ጨንቻ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢፍቱ፣

ስለ ልጅቷ የጻፍሽውን አነበብኩ። ስለ እሱ ብዙ አልልም። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው። መለያው ያንቺ ጽሑፍ መሆኑን አውቄያለሁ። ያንቺን እጅ ጽሑፍ ከመቶ ተማሪ መካከል እለየዋለሁ። ሰው ሳይደርስ ከጠርሙሱ ልጬ ኪሴ የከተትኩትም እኔው ነኝ። ግን ስለዚህ ደግ ሰው ብለሽ እንዳታስቢኝ። እንዲህ ብለሽ ከሆነ ስታለቅሺ የከረምሽው፣ ተይው።

እኔ አልሰማም፣ ቢፍቱ። ግራ ጆሮዬ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነው። ቀኙም ተከትሎት እየሄደ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። የማይሰማ ቴክኒሻን አሲድና እሳት ባለበት ክፍል ማን ያስቀምጣል? ሰው ሲያናግረኝ አፉን አያለሁ። ልጆቹ ሲጠይቁኝ እጃቸውን፣ ዕቃቸውን፣ ፊታቸውን አያለሁ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት አለፈ። ስልኩም መስመሩ አልነበረም።

ያን ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃ አጥብ ነበር። ቧንቧው ተከፍቷል። ሙፊዳ የጠርሙሱን ክዳን ስትከፍት ጭስ አየች። ጠራችኝ። አልዞርኩም። መልስ ስታጣ ልክ ነው ማለት ነው ብላ፣ ከግንባሯ በላይ ወደተተከለው የመስታወት መለኪያ ቱቦ፣ ወደ ቡሬቱ፣ ቀዳችው፤ ተረጭቶ ዓይኗንና እጇን አቃጠላት። መነጽርም አልደረሳትም ነበር፤ ለሠላሳ ልጅ አሥራ ሁለት መነጽር እንዳለን ታውቂያለሽ። ይህን ሁሉ ከየት አወቅክ ትዪኝ ይሆናል። ዓይኗን ሳጥብላት አፏ ጆሮዬ ሥር ነበር። «ጠርቼዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ» ስትለኝ ሰማሁ። እሱን ሰማሁ።

ስለዚህ ኮሚቴው ፊት «እኔ ነኝ» ስል የዋሸሁ አልመሰለኝም። ጆሮዬን ከምናገር ጠርሙሱን መናገር ቀለለኝ።

አሁን ስሚኝ። አንቺ ዝም በዪ። የሰጡሽን ቦታ ያዢ። እኔ ወርጄ ጨርሻለሁ፣ አንቺ ተከትለሽኝ ብትወርጂ ለዚያች ልጅ ዓይን አይሆናትም።

ይህን ካነበብሽ በኋላ ቅደጂው።

ጌቱ አምሐ


ጀሞ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ጌቱ፣

አልቀደድኩትም፤ ይቅርታ። ዝም በዪ ያሉኝንም አልፈጸምኩም። ቁጣዎን እቀበላለሁ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ቅዳሜ ነፋስ ስልክ ሄድኩ። የሙፊዳ እናት ጨርቅ የሚሸጡበትን ሱቅ ጠይቄ አገኘሁት፤ ቤታቸው ከጀርባው ነው። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ሙፊዳ ነች። ሳወራት ራሷን ወደ ቀኝ ዘወር ታደርጋለች፣ በግራ ዓይኗ ልታየኝ። መጀመሪያ ለምን እንደምትዞር አልገባኝም ነበር።

«ረዳቷ ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«ነኝ። መለያውን አቀያይሬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ጌቱ አይደሉም።»

«ለምን አሁን?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። እናቷም ከሱቅ መጥተው ቆመው ሰሙና ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ሙፊዳ ምን እንዳለችኝ ቃል በቃል ልጻፍልዎ፦

«ለዓይኔስ ሐኪም አለኝ። ሰው ይሳሳታል፤ አንቺም ተሳስተሻል። ግን ሦስት ጊዜ ነው የጠራኋቸው። ጋሼ ይሄ ይጨሳል፣ ልክ ነው ወይ አልኳቸው። አጠገባቸው ነበርኩ እኮ! ዞር እንኳ አላሉም። ምን አድርጌያቸው ነው የናቁኝ? አሁን አስተማሪ ጥያቄ አለ ወይ ሲል እጄ አይነሣልኝም።»

ጋሽ ጌቱ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። የእርስዎ ነገር ስለሆነ ዋጥኩት። ልጅቷ ግን እንደናቋት ነው የምታስበው፣ ከዓይኗ ይልቅ ይኼ ነው ያከሰማት። እባክዎ፣ ልንገራት?

ከነፋስ ስልክ እስከ ጀሞ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ከማን ጋር እንደማወራው አጣሁ። ለወንድሜ ደወልኩለትና ስለ ውኃ አውርተን ዘጋን።

ቢፍቱ


ጨንቻ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢፍቱ፣

አይሆንም። አትንገሪያት። ያመንኩሽ አንቺን ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ እንዲጮህብኝ፣ በምልክት እንዲያናግረኝ አልፈልግም። እንደናቅኳት ታስብ። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ጌቱ አምሐ

ሰኔ 9

ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልልከው ቆየሁ። ዛሬ የሆነውን ልንገርሽ።

የገበያ ቀን ስለነበር ፖስታ ቤት ልወርድ ወጣሁ። ቁልቁለቱ ላይ የቀርከሃ ሸክም የያዘች ሴት ከኋላዬ እየመጣች ኖሯል። መንገድ ልቀቅልኝ እያለች ስትጮህ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው። መሄጃ አጥታ ወደ ቦዩ ስትገባ ሸክሟ ይዟት ወደቀ። ሰው ተሰበሰበ። ሳነሣት የሁሉንም አፍ አያለሁ። አንድ ሽማግሌ «አዲስ አበባ ኖሮ መጥቶ ለሸክም መንገድ የማይለቅ» ሲሉ ከከንፈራቸው አነበብኩት።

እህቴን የሚያውቁ፣ አባቴን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። አልሰማም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ኩሩ መባልን መረጥኩ፣ ቢፍቱ። ቀርከሃውን ተሸክሜላት ገበያ ድረስ ወረድኩ። ሴትዮዋ በአንድ እግሯ እያነከሰች ነበር።

ለሙፊዳ ንገሪያት።


ጀሞ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ጌቱ፣

የዘገየሁት ነገሩ መልክ እስኪይዝ ብዬ ነው። ሁሉንም በአንድ ልጻፍልዎ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት የሆነውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጽፌ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወሰድኩት። ስለ ጆሮዎ አንዲት መስመር አልጻፍኩም፤ እሱ የእርስዎ ነው። ስለ መለያው፣ ስለ «የለም» ጻፍኩ። ኃላፊዋ ዶክተር ሃምዛን አስጠሩ። መጥተው አነበቡት። ፊታቸው ቀላ።

«ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ቢፍቱ?»

«ኮሚቴው ጠይቆኝ ነበር» አልኳቸው።

ዶክተር ሃምዛ ብዕር አውጥተው ከእኔ ፊርማ ሥር በእጃቸው «በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ መገኘት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ይህን ከእሳቸው አልጠበቅኩም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም አንባባልም።

ረዳትነቱን በማግስቱ ወሰዱብኝ። ቁልፎቹን የሦስተኛ ዓመቱ ኢያቄም ተረከበኝ። ለመምህርነት እንዳልቀር ተወሰነ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እንድመረቅ ግን ተፈቀደልኝ። ተመርቄያለሁ። ኢፋ መጥቶ ሁለት ሰዓት ቆየ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ሄደ። ጋውኑን እንደለበስኩ ብቻዬን የጀሞ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ሌላ ያናገረኝ ሰው የለም። ቤት ገብቼ አበባውን ባልዲ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ማስታወቂያዎ ተነሥቷል። እትዬ ቡዜ ናቸው ያሳዩኝ፤ አራቱ መርፌዎች ብቻ ቀርተዋል። ከዚህ ጋር ያያዝኩት የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ነው። ስንብትዎ እንደገና እንዲታይ ተወስኗል፣ መጥተው እንዲያመለክቱ ይላል።

የሙፊዳን ነገር በመጨረሻ ያደረግኩት ስለፈራሁ ነው። ነገርኳት። ስትሰማ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። «ስድስት ዓመት?» አለችኝ። «ታዲያ ያን ቀን ሲያጥቡኝ ስናገር የሰሙኝስ?» እንዴት እንደሆነ አስረዳኋት። አለቀሰች፣ ጤነኛውም ታማሚውም ዓይኗ እኩል ነው የሚያለቅሰው። አቀፈችኝ ብዬ ብዋሽዎ ደስ ባለኝ። አላቀፈችኝም። ስነሣ ግን «አንቺ አትንገሪኝ፤ እሳቸው ራሳቸው ይጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ» አለችኝ። ሱቁ የሚገኝበትን አድራሻ በጀርባው ጽፌልዎታለሁ።

ላፍቶ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር እንደሚፈልግ ሰምቼ አመልክቻለሁ። ለመስከረም እናሳውቅሻለን ብለዋል። እስከዚያ እዚሁ ነኝ።

ቢፍቱ


ጨንቻ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቢፍቱ፣

እንኳን ለምረቃሽ አበቃሽ። አለመኖሬ ቆጨኝ። ዝም በዪ ብዬሽ ነበር፤ ባለመስማትሽ ለጊዜው ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን አይደለሁም። ቦታውን አስመልጠሽዋል። ያመልጥሻል ብዬሽም ነበር። ከዚህ የተሻለ የማጽናኛ ቃል አላገኘሁልሽም፤ ፈልጌ ነበር።

አልመለስም። ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መልስ ጽፌያለሁ፤ ጆሮዬን ራሴው ገለጽኩላቸው። የሚቀጥለው ሰው ሲቀጠር ጆሮውን እንዲመረምሩት፣ የማይሰማ ከሆነም እንዳያባርሩት፣ ፊቱን ወደ ተማሪው አዙሮ ዕቃ የሚያጥብበት ገንዳ እንዲሠሩለት አሳስቤያለሁ። ይሰሙኝ አይሰሙኝ አላውቅም።

ለእህቴም ነገርኳት። ፈትሏን አስቀምጣ አየችኝ። «በመጣህ በሳምንቱ አውቄዋለሁ። ከኋላህ ሆኜ ምሳ ደረሰ ስልህ ሳትዞር ትቀመጣለህ» አለችኝ። አምስት ወር ሙሉ እንደማታውቅ ሆና አብራኝ ዝም አለች። ለምን ብላት፣ ራስህ እስክትናገር ጠብቄ ነው አለች። ወደ ቀርከሃዋ ሴትዮም ሄጄ እንደማልሰማ ነገርኳት። እግሯ ድኗል፤ አሁን ሲያዩኝ ሰዎቹ በእጃቸው ሰላም ይሉኛል። እንደፈራሁት አልከፋም። ብቻ ጉም በወረደ ቀን የማንም አፍ ስለማይታየኝ ብቻዬን እውላለሁ።

መልስ ለመጻፍ አትቸኩዪ። ስለ ጠርሙሱም ከእንግዲህ አትጻፊልኝ፤ ሌላ የምትነግሪኝ ነገር ሲኖርሽ ጻፊ።

ለሙፊዳ ልጽፍ ከተቀመጥኩ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። መጀመሪያ ስለ ጤናዋ ጠየቅኩና ቀደድኩት። ቀጥዬ ስለ መነጽሮቹ ማነስ ጻፍኩ፤ እሱንም ቀደድኩት። ሌላው ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ እኔ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ ጠዋት በአዲስ ወረቀት ላይ ስሟን ጻፍኩና ከሥሩ «ያን ቀን አልሰማሁሽም» ብዬ ጀመርኩ። ቀሪውን ልቀጥል።

ደኅና ሁኚ።

ጌቱ አምሐ